ከመንገድ ወደ ውድድር፦ ዳትሰን 240ዜድን ለአሜሪካ የ“ፕሮዳክሽን” ውድድር ማዘጋጀት

የመኪና ውድድር ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን በቴሌቪዥን የምንመለከተው ፎርሙላ ዋን፣ አሜሪካ ለምንኖረው ደግሞ ናስካር ነው። እነዚህ መኪኖች ጎማና መሪ ያላቸው ከመሆኑ በቀር እኛ ሥራ ከምንሄድባቸው መኪኖች ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ዕድሜው ግን ረጅም የሆነ ሌላ የውድድር ዓይነት አለ። ስሙ “ፕሮዳክሽን” ይባላል። የሚወዳደሩትም ፋብሪካ በብዛት አምርቶ ለማንኛውም ገዢ የሸጣቸው የስፖርት መኪኖች ናቸው። አብዛኞቹ ሾፌሮች በሥራ ቀን በየሙያቸው ተሰማርተው የሚውሉ፣ ቅዳሜና እሑድ በገዛ ገንዘባቸው የሚወዳደሩ ሰዎች ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለ መኪና እንዴት እንደሚዘጋጅ ማስረዳት ሲሆን፣ ለምሳሌነት የተመረጠው በ1970ዎቹ ስሙ የገነነው የጃፓኑ ዳትሰን 240ዜድ ነው። ከወዲሁ መታወቅ ያለበት ዋናው ቁም ነገር፣ የፕሮዳክሽን መኪና ፈጣን የሚሆነው ጉልበት ስለተጨመረለት ብቻ አለመሆኑ ነው። ደንቡ ብዙውን ነገር እንደ ፋብሪካው እንዲቆይ ያስገድዳል። ስለዚህ የአዘጋጁ ሥራ ደካማውን ክፍል እየፈለጉ በየተራ ማጠንከር ነው፤ ተራውን የሳተ ሰው ገንዘቡን፣ ከባሰም ሕይወቱን ያጣል።

በጽሑፉ ውስጥ ኮሎ፣ ቴስታታ፣ ሞላ፣ ቡሎን የሚሉትን ከጣሊያንኛ የወረስናቸውን የጋራዥ ቃላት እንዳሉ ተጠቅመናል። አገር ቤት ጋራዥ ደጃፍ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋልና። ዓመታቱም በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የፕሮዳክሽን ውድድር ምንድን ነው?

ውድድሩን የሚያስተዳድረው በ1944 የተቋቋመው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ አህጽሮቱ ኤስ.ሲ.ሲ.ኤ. ይባላል። ክለቡ መኪኖቹን በፊደል በተሰየሙ ምድቦች ከፈላቸው። ምደባው የተመሠረተው በሞተር መጠን ብቻ አልነበረም፤ መኪናው በውድድር ሜዳ ላይ ሊያሳይ የሚችለው ፍጥነት ይታይ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ሞተር ያለው ቀላል መኪና ትልቅ ሞተር ካለው ከባድ መኪና ጋር በአንድ ምድብ ሊሰለፍ ይችላል። 240ዜድ በዘመኑ የተመደበው በ“ሲ ፕሮዳክሽን” ሲሆን፣ ተፎካካሪዎቹ እንደ ፖርሽ 914/6 እና ትራያምፍ ቲ.አር.6 ያሉ ነበሩ።

በየክልሉ ጥሩ ውጤት ያመጡ ሾፌሮች በዓመቱ መጨረሻ ለብሔራዊ ሻምፒዮና ይገናኛሉ። የመጀመሪያው የፍጻሜ ውድድር በ1964 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሪቨርሳይድ ተካሄደ። ከ1970 እስከ 1993 ደግሞ ቦታው ጆርጂያ ውስጥ የሚገኘው ሮድ አትላንታ ነበር። የጥንቱ የፊደል ዝርዝር ዛሬ አጥሯል፤ ሲ ፕሮዳክሽንም በቀድሞ መልኩ የለም። ይሁን እንጂ ኢ፣ ኤፍ እና ኤች የተባሉት የፕሮዳክሽን ምድቦች አሁንም አሉ፤ የድሮ መኪኖች ብቻ የሚሰለፉባቸው የታሪካዊ መኪና ውድድሮችም እንዲሁ።

የሁሉም መሠረት ክለቡ በየጊዜው እያሻሻለ የሚያወጣው ጠቅላላ የውድድር ደንብ ነው። ለእያንዳንዱ መኪና የተፈቀደው የሞተር መጠን፣ የካርቡራቶር ዓይነት፣ የቸርኬ ስፋትና ዝቅተኛ ክብደት በዝርዝር ተጽፎበታል። በዚህ ደንብ ዓለም ውስጥ የተጻፈ ወርቃማ ሕግ አለ፤ እንዲህ አድርግ ተብሎ በግልጽ ያልተፈቀደ ነገር እንደተከለከለ ይቆጠራል። አንድ ቡሎን ሳይፈቱ በፊት ደንቡን ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ያልተፈቀደ ዕቃ ገዝቶ የገጠመ ሰው ሁለተኛ ከፍሎ ይነቅለዋል።

240ዜድ ለምን ተመረጠ?

መኪናው አሜሪካ ገበያ የገባው በ1969 መጨረሻ፣ የ1970 ሞዴል ተብሎ ነው። ጃፓን ውስጥ “ፌርሌዲ ዜድ” ይባል ነበር። በወቅቱ የኒሳን የአሜሪካ ኃላፊ የነበሩት ዩታካ ካታያማ፣ ይህ ስም ለአሜሪካ የስፖርት መኪና ገዢ አይሆንም ብለው 240ዜድ በሚል እንዲሸጥ አደረጉ። ዋጋው ሲጀምር 3,526 ዶላር ነበር። በዚህ ዋጋ ገዢው ስድስት ሲሊንደር በረድፍ የተደረደረበት 2,393 ሲ.ሲ. ሞተር፣ በአራቱም ጎማ ራሱን የቻለ ሞላና አሞርዛተር፣ ከፊት የዲስክ ፍሬን ያገኝ ነበር። ፋብሪካው የሞተሩን ጉልበት በዘመኑ አለካክ 151 የፈረስ ጉልበት ብሎታል። ክብደቱ ከአንድ ቶን ብዙ አይበልጥም።

ጃፓኖች በዚህ ምድብ ለመግባት ሲሞክሩ ይህ የመጀመሪያቸው አልነበረም። በ1968 ቶዮታ ዝነኛውን 2000ጂ.ቲ. በካሮል ሼልቢ ቡድን አማካይነት በሲ ፕሮዳክሽን አሰልፎ ነበር፤ ብሔራዊ ሻምፒዮናውን ግን አላገኘም። ለ240ዜድ ዕድሉ የመጣው በፒተር ብሮክ በኩል ነው። ብሮክ ቀደም ሲል የሼልቢን ኮብራ ዴይቶና ኩፔ የነደፉ ሰው ሲሆኑ፣ በካሊፎርኒያ ያቋቋሙት ቢ.አር.ኢ. የተባለው ቡድን መኪናውን አዘጋጀ። ጆን ሞርተን 46 ቁጥር በተጻፈበት መኪና የ1970 እና የ1971 የሲ ፕሮዳክሽን ሻምፒዮን ሆነ። ቀጥሎም በምሥራቁ ክፍል ከኮነቲከት የተነሳው ቦብ ሻርፕ በ1972 እና በ1973 አሸነፈ። ከሻርፕ ቡድን ጋር ይነዳ የነበረው የፊልም ተዋናይ ፖል ኒውማንም በ1979 በተከታዩ ሞዴል በ280ዜድ.ኤክስ. ይህንኑ ምድብ አሸንፏል።

የመኪናው ጥንካሬ በአስፋልት ሜዳ ብቻ የታየ አልነበረም። በጎረቤታችን በኬንያ በሚካሄደው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በ1971 ኤድጋር ሄርማን፣ በ1973 ደግሞ ሼካር መህታ በ240ዜድ አንደኛ ወጥተዋል። በጭቃና በድንጋይ መንገድ ያን ሁሉ ሺህ ኪሎ ሜትር የቻለ ቦዲ መነሻው ጥሩ ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ ቦዲው

የ240ዜድ ዋና ጠላት ዝገት ነው። ቦዲው ራሱ እንደ ቻሲ ስለሚያገለግል፣ ዝገቱ ቀለም ከማበላሸት አልፎ መኪናውን የተሸከመውን አካል ይበላል። ገዢ በቅድሚያ ማየት ያለበት ከባትሪው ማስቀመጫ ሥር፣ የእግር መርገጫውን ወለል፣ ከወለሉ ሥር ርዝመቱን ይዘው የሚሄዱትን ድጋፎች፣ የኋላ ጎማ ክንፎችንና የኋላውን በር ዙሪያ ነው። ምንጣፉ ሳይነሳ፣ መኪናው በክሪክ ሳይነሳ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ሌላው ጥያቄ የዋጋ ነው። እነዚህ መኪኖች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ ሆነዋል። በጃንዋሪ 2020 አንድ በጥንቃቄ የተያዘ የ1971 ሞዴል በጨረታ 310,000 ዶላር ተሽጧል። ምንም ያልተነካ መኪና ቆራርጦ ለውድድር ማድረግ በገንዘብም በታሪክም ጥፋት ነው። የሚሻለው ከዓመታት በፊት ለውድድር የተዘጋጀና መዝገቡ የተሟላ መኪና መግዛት፣ ያ ካልተገኘም ቦዲው ጤነኛ ሆኖ የውስጥ ዕቃው የጎደለ ማግኘት ነው። ልምድ ያላቸው ተወዳዳሪዎች ለአዲስ ገቢ ሁልጊዜ የሚሰጡት ምክር፣ የተሠራ መኪና መግዛት ከመሥራት ይረክሳል የሚል ነው።

ቀጥሎ ሕይወት

ቦዲው ተራቁቶ ከጸዳ በኋላ የሚሠራው ሞተሩ አይደለም። ሾፌሩን ከበው የሚይዙት የብረት ቱቦዎች፣ ማለትም የመከላከያ ቀፎው ነው የሚቀድመው። የቱቦው ስፋትና ውፍረት በመኪናው ክብደት መጠን በደንቡ ተወስኗል። ብየዳው በዙሪያው የተሟላ መሆን አለበት። ቱቦው ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጭነቱን የሚያሰራጭ ወፍራም ላሜራ ይደረጋል። ዝገት የበላው ወለል ላይ የተበየደ ቀፎ መኪናው ሲገለበጥ ወለሉን በስቶ ይወጣልና፣ የቦዲው ጤና ቀድሞ የተነሳው ለዚህ ነው። በተጨማሪም በደንብ የተሠራ ቀፎ ቦዲው እንዳይጣመም ስለሚያደርግ፣ በኋላ የሚገጠሙት ሞላዎች ሥራቸውን በትክክል ይሠራሉ።

ከቀፎው ጋር አብረው የሚገቡት አንድ ቅርጽ ያለው የውድድር ወንበር፣ በትከሻ፣ በወገብና በእግር መሐል የሚያልፍ ቀበቶ፣ የመስኮት መረብ፣ የእሳት ማጥፊያ መሣሪያና ኤሌክትሪኩን በአንዴ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ናቸው። የመኪናው ሰልባትዮ ከኋላ ወለሉ ሥር ስለሚገኝ ከኋላ ለሚመጣ ግጭት የተጋለጠ ነው። በእርሱ ፋንታ ውስጡ የማይቀደድ የጎማ ከረጢት ያለው የነዳጅ መያዣ ይገጠማል።

የአንገት መከላከያውም ሊነሳ ይገባል። በድንገተኛ ግጭት ሰውነት በቀበቶ ተይዞ ሲቀር ጭንቅላት ወደፊት ይወረወራል፤ በዚህም የራስ ቅል ሥር ይሰበራል። በፌብሩዋሪ 2001 ዝነኛው የናስካር ሾፌር ዴል ኧርንሃርት በዴይቶና የሞተው በዚህ ዓይነት ጉዳት ነበር። መፍትሔው ግን ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ዶክተር ሮበርት ሃባርድና የሚስታቸው ወገን ዘመዳቸው የማዝዳ ተወዳዳሪው ጂም ዳውኒንግ “ሃንስ” የተባለውን መሣሪያ በ1980ዎቹ አዘጋጅተዋል። ኤስ.ሲ.ሲ.ኤ. ከ2012 ጀምሮ የአንገት መከላከያን ግዴታ አድርጓል።

ፍሬንና ሞላ

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ለመንገድ ተብሎ የተሠራው የ240ዜድ የፊት ዲስክ 271 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ ውስጡ አየር ማሳለፊያ የሌለው ነው፤ ከኋላ ደግሞ ታምቡሮ ነው። በውድድር ሜዳ እነዚህ በጥቂት ዙር ውስጥ ይግላሉ። በመጀመሪያ የሚደረገው ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራ መግጠም፣ ከመኪናው አፍንጫ አየር የሚያመጣ ቱቦ ወደ ዲስኩ መዘርጋትና ከፍተኛ የመፍላት ደረጃ ያለው የፍሬን ዘይት መጠቀም ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የያዘ ዘይት ቶሎ ይፈላል፤ ሲፈላም ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ስለዚህ ዘይቱ “ገና ደህና ነው” ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም። የፊትና የኋላ ፍሬን ሚዛንም የኋላ ጎማዎች ቀድመው እንዳይታሰሩ ተደርጎ ይስተካከላል።

የመኪናው ሞላና አሞርዛተር በአንድ ቱቦ ላይ የተያያዙ ናቸው። ብዙ ጀማሪዎች መኪናውን ዝቅ ለማድረግ ሞላውን ብቻ ያሳጥራሉ። እንዲህ ሲሆን አሞርዛተሩ የሚሄድበት ርቀት ያልቅና እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ከታች ይመታል፤ መኪናውም መታጠፊያ መሐል ላይ ይዘላል። ትክክለኛው አሠራር ቱቦውን ራሱን ቆርጦ ማሳጠርና በልኩ አጭር አሞርዛተር መግጠም ነው። መኪናው ዝቅ ሲል የሥረኛው ክንድ አቀማመጥም ስለሚለወጥ፣ ጎማው በተነሳና በወረደ ቁጥር መሪው ሳይነካ ይዞራል። ይህን ለማረም ከቱቦው ሥር ማራቂያ ብረት ይገባል።

አንድ ትንሽ ዕቃ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከፊት ክንድ ተነስቶ ወደ ኋላ ከቦዲው ጋር የሚያያዝ ዘንግ አለ፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚከለክለው እርሱ ነው። ጫፉ ላይ ያለው የጎማ ትራስ ዘንጉ ትንሽ እንዲወዛወዝ ይፈቅድለታል። ይህን ትራስ በሁለቱም ወገን በደረቅ ፕላስቲክ የተካ ሰው መሪው ሲጠነክርለት ይደሰታል፤ ዘንጉ ግን መወዛወዝ ስለማይችል በየዙሩ ይተጣጠፍና አንድ ቀን ሙሉ ፍሬን ሲያዝ ይሰበራል። ስለዚህ ወይ በአንዱ ወገን ለስላሳው ጎማ ይቀራል፣ ወይም በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር ክብ መገጣጠሚያ ይገባል። አንድን ነገር ማጠንከር ችግሩን ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውረው እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ሞተሩ፦ ከጉልበት በፊት ዘይትና ውሃ

የሞተሩ መሠረት ጠንካራ ነው። ሞኖብሎኮው ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ሲሆን፣ ኮሎው በሰባት ቦታ ላይ ተደግፏል። የሲሊንደሩ ስፋት 83 ሚሊሜትር፣ የፒስቶኑ ጉዞ 73.7 ሚሊሜትር ነው። ጉዞው አጭር በመሆኑ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር መሥራት አይከብደውም።

የሆነ ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች አንድ ድክመት ነበራቸው። በከፍተኛ ዙር ኮሎው ስለሚንቀጠቀጥ የቮላኖው ቡሎኖች ይላሉ ነበር። የብሮክ ቡድን ይህን በውድድር ሜዳ አይቶ ለፋብሪካው አሳወቀ፤ ኒሳንም የሚዛን ክብደቱ የተሻሻለ ኮሎ ሠራ። ውድድር ለፋብሪካ የሚሰጠው ጥቅም ይህ ነው፤ ተራ ሾፌር በዓመታት የማያየውን ድክመት በአንድ ቅዳሜ ያወጣዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ዘይት ነው። በረጅም መታጠፊያ ላይ ኮፓ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። ብሮንዚኖችን ለማበላሸት ጥቂት ሰኮንዶች ይበቃሉ። ስለዚህ ኮፓው ውስጥ ዘይቱ ወደ ፓምፑ እንዲገባ እንጂ እንዳይወጣ የሚያደርጉ ትናንሽ በሮች ያሏቸው ግድግዳዎች ይበየዳሉ። የዘይት ማቀዝቀዣና ከፍ ያለ ራዲያተር ይገጠማል። ክሩስኮቱ ላይም የዘይት ግፊት ሲወርድ ሾፌሩ ሊስተው የማይችል ትልቅ መብራት ይደረጋል።

ከዚህ በኋላ ነው ጉልበት የሚታሰበው። ኮሎው፣ ቢዬላዎቹና ፒስቶኖቹ በሚዛን ይስተካከላሉ። ኮሎውና ቢዬላዎቹ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ እንዳይኖራቸው በማግኔት ይመረመራሉ፤ የቢዬላ ቡሎኖችም በአዲስ ይተካሉ። ቴስታታው የአየር መግቢያና መውጫው ደንቡ በፈቀደው ልክ ይስተካከላል። ከፋብሪካው የመጡት ሁለት የሂታቺ ካርቡራቶሮች ይቆዩ ወይስ ይለወጡ የሚለውን የሚወስነው የምድቡ ደንብ ነው። የነዳጁ ልክና የእሳቱ ሰዓት በጉልበት መለኪያ ማሽን ላይ ካልተስተካከለ፣ ከልክ በላይ ቀድሞ የሚነሳ እሳት ፒስቶን ይበሳል።

ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻልና አየር

ለአሜሪካ የተሸጠው 240ዜድ ባለ አራት ማርሽ ነበር። ለውድድር የሚፈለገው ማርሾቹ እርስ በርስ የተቀራረቡ ካምቢዮ ነው፤ ሞተሩ ከጥሩ ዙሩ ሳይወርድ ማርሽ ለመለወጥ ያስችላል። ተራ ዲፈረንሻል ደግሞ በመታጠፊያ ላይ የቀለለውን የውስጥ ጎማ በከንቱ ያሽከረክራል። ስለዚህ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለውን ልዩነት የሚገድብ ዲፈረንሻል ይገጠማል። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ሰያፍ ሆነው ስለሚሠሩ መስቀለኛ መገጣጠሚያዎቻቸው ቶሎ ያልቃሉ። ፋብሪካው በኋላ ዲፈረንሻሉን ወደ ኋላ ወስዶ አስተካክሎታል።

የቦዲው ውበት የራሱ ዋጋ አለው። በከፍተኛ ፍጥነት አየር ከአፍንጫው ገብቶ ከኮፈኑ ሥር ይታፈንና የመኪናውን ፊት ያነሳል፤ መሪውም ይቀላል። የብሮክ ቡድን ከአፍንጫው ሥር የሠራው የአየር ማገጃ ለዚህ መልስ ነበር። ዛሬም በምድቡ ደንብ ከተፈቀደ ችላ ሊባል አይገባም።

መዝገብ፣ ፈቃድና ልማድ

የተዘጋጀው መኪና በክለቡ ተቆጣጣሪዎች ይመረመርና የራሱ መዝገብ ይሰጠዋል። የሚደርስበት አደጋና የሚገኝበት ጉድለት እዚያ ላይ ይጻፋል። ያገለገለ የውድድር መኪና የሚገዛ ሰው ይህን መዝገብ ሳያነብ መግዛት የለበትም። ሾፌሩም የሐኪም ምርመራ አድርጎ፣ በክለቡ የሾፌሮች ትምህርት ቤት አልፎ ፈቃድ ያወጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ልማድ ነው። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ቡሎኖቹ አንድ በአንድ በልካቸው ይጠበቃሉ፤ የተጠበቀው ላይ የቀለም ምልክት ይደረጋል፤ ምልክቱ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ መላላቱ ይታወቃል። የጎማ ሙቀት ከውስጥ፣ ከመሐልና ከውጭ ይለካና ይጻፋል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፤ ሁለት የለወጠ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅምና።

ወጪውን በተመለከተ እውነቱን መናገር ይገባል። መኪናውን ከመሥራት ይልቅ ማሠራቱ፣ ከማሠራትም ጎማ፣ ነዳጅና የመመዝገቢያ ክፍያ በየወሩ መቻሉ ይከብዳል። ቤተሰብ ለሚያስተዳድርና አገር ቤትም ገንዘብ ለሚልክ ሰው ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። መሞከር የሚፈልግ በማዝዳ ሚያታ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ዕቃው በብዛት ይገኛል፤ የራሱ የውድድር ምድብም አለው።

ለማየት ግን ብዙ አይጠይቅም። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖቻችን በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘው ሰሚት ፖይንት፣ አትላንታ ላሉት ደግሞ ብራዝልተን አጠገብ ያለው ሮድ አትላንታ ቅርብ ናቸው። በክለብ ውድድር ቀን ተመልካች እስከ መኪኖቹ ማቆሚያ ድረስ ገብቶ ኮፈኑ ተከፍቶ የሚሠራውን ሥራ ቆሞ ማየት፣ መጠየቅም ይችላል። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው፣ ጆሯቸውን የሚከልል ነገር መያዝ አይዘንጋ።

ቸር ይግጠመን።